የማን ሲኒ ነው?

ወንዛዬ የወረድኩት ለእህቴ ጉልበት ብዬ ነው። ፍል ውሃው ደራ ወረዳ ውስጥ፣ ከጉማራ ወንዝ ዳር ነው። ደብረ ታቦር ተወልዶ ከዘመዶቹ አንዱን እዚያ ያላደረሰ ሰው ጥቂት ነው። ቁርጥማት ያለበት፣ ወገቡ የተያዘ፣ ሐኪም «ዕድሜ ነው» ብሎ ያሰናበተው ሁሉ ስንቁን ቋጥሮ ወደ ወንዛዬ ይወርዳል። እኛም በሶና ድርቆሻችንን፣ ቡናና ጀበናችንን ይዘን ሰባት ቀን ተቀመጥን።

የተከራየናት ክፍል ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው። ሁለት መደብና አንድ በርጩማ አላት። ከመደቦቹ በላይ፣ ልክ ዓይን በሚያርፍበት ቦታ፣ አንድ ትልቅ ፖስተር ተለጥፏል። ወይን በዘለላው፣ ቀይ ፖም፣ አናናስ፣ ለሁለት የተከፈለ ሐብሐብ፣ ከጎናቸው ብርጭቆ የሞላ ቀይ መጠጥ። ከሥሩ በፈረንጅ ፊደል «ዌልካም» ይላል። ይህን ፖስተር የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ጠላ ቤት አይታችሁታል፤ ፀጉር ቤት አይታችሁታል፤ የአጎታችሁ ሳሎን ውስጥ አይታችሁታል።

የአስተማሪነት አመል አይለቅምና የቤቱን ባለቤት ተተናኮልኳት። «ለመሆኑ ከእነዚህ ፍሬዎች ስንቱን ቀምሰሻል?» አልኳት።

«ኧረ እኔ ልበላው ብዬ መች ሰቀልኩት ጋሼ!» አለችኝ እየሳቀች። «እንግዳ ሲገባ ባዶ ግድግዳ እንዳያይ ብዬ ነው እንጂ።»

መልሷ አሳፈረኝ። ለምን እንዳሳፈረኝ ኋላ እመለስበታለሁ።

በዚያው ማታ ከፍል ውሃው ተመልሰን ጉልበቷን በቅቤ እያሸች ሳለ፣ እታለም የልቧን አወጣችው። «አንተ፣ ያን የልጅቱን ሥዕል ምን ላድርገው? ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ ጓዳ አስቀምጬዋለሁ። ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ የመጨረሻ ልጅ ሠዓሊ ናት። ለአባቷ ሙት ዓመት ስትመጣ አንድ ሸራ በአንሶላ ጠቅልላ ይዛ መጣች። ቁመቱ አንድ ሜትር ግድም ነው። ሥዕሉ ውስጥ ያለው ክፍል የእናቷ ሳሎን ነው፤ ቡፌው፣ የሶፋው ዳንቴል፣ የበሩ መጋረጃ ሳይቀር አለ። ሰው ግን የለም። የክፍሉን መሐል የያዘው አንድ የቡና ሲኒ ነው። ሲኒው ጣሪያውን ሊነካ ስንዝር ነው የቀረው። በአንድ ጎኑ ሶፋውን ገፍቶ ጥግ አስይዞታል፤ በሌላው ጎኑ በሩን ዘግቶታል። አፉ ላይ የቡናው አተላ ቀለበት ሠርቶ ደርቋል። ከውስጡ ግን ነጭ እንፋሎት ይወጣል፤ ወንዛዬን በማለዳ ያየ ሰው ያን እንፋሎት ያውቀዋል። ከኋላ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ጉና ተራራ ይታያል።

እታለም ሥዕሉን ከቡፌው በላይ፣ በሠርጓ ፎቶና በልጆቿ የምረቃ ፎቶ መካከል ሰቀለችው። ብዙም ሳይቆይ የእመቤታችን ማኅበር ተራ ደረሳትና ቤቱ ሞላ። «ጎልያድ ነው እንዴ ቡና የሚጠጣበት?» አለ አንዱ፤ ሰው ሳቀ። አንዷ ቀስ ብላ «ልጅቱን ፀበል ውሰጃት» ብላ መከረች። ተማረ የሚባል ዘመዳችን ደግሞ «ሞደርን ነው፤ ትርጉም የለውም» ብሎ ፍርዱን ሰጠ። በማግሥቱ ሥዕሉ ወረደ።

ያን ማታ ለእህቴ አጥጋቢ መልስ አልሰጠኋትም። «ይቆይ፣ እናስብበት» ብዬ አለፍኩት። ይህ ጽሑፍ ዘግይቶ የመጣ መልሴ ነው።

እንዲህ ያለው ሥዕል፣ ሰው የሌለበት የዕቃና የምግብ ሥዕል፣ በሥዕል ትምህርት የራሱ ስም አለው። እንግሊዞች «ስቲል ላይፍ» ይሉታል፤ ጸጥ ያለ ሕይወት እንደ ማለት ነው። ፈረንሳዮች «ናቱር ሞርት» ይሉታል፤ የሞተ ተፈጥሮ። እኛ «የግዑዝ ነገር ሥዕል» እንለዋለን። ሦስቱ ስሞች በዋናው ጉዳይ አልተስማሙም። ዕቃው በሕይወት አለ? ሞቷል? ወይስ ድሮም ነፍስ አልነበረውም? የእህቴ ቤት ጠብም የመጣው ከዚሁ ይመስለኛል።

ታሪኩ ከእንግዳ ይጀምራል። ከ2 ሺህ ዓመት በፊት የነበረው ሮማዊው የሥነ ሕንፃ ሊቅ ቪትሩቪየስ እንደጻፈው፣ የግሪክ ባለጠጎች እንግዳ ሲመጣባቸው የመጀመሪያውን ቀን ማዕድ አብረውት ይቀርባሉ፤ ከዚያ በኋላ ዶሮ፣ እንቁላል፣ አትክልትና ፍሬ ይልኩለታል። ሠዓሊዎችም ይህን ለእንግዳ የሚላክ ነገር አስመስለው ሲሥሉ ሥዕሉን «ዜኒያ» አሉት፤ የእንግዳ ስጦታ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ79 የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ከቀበራቸው ከፖምፔይና ከሄርኩላኒየም ቤቶች ግድግዳ ላይ እንዲህ ያሉ ሥዕሎች ተገኝተዋል፤ ኮክ ከነቅጠሉ፣ ውሃ የያዘ የብርጭቆ ማሰሮ። እንግዲህ የወንዛዬዋ ሴት ቪትሩቪየስን ሳታነብ የቪትሩቪየስን ቃል ተናግራለች። ፖስተሩ የቻይና ይሁን የሌላ፣ ሥራው ያው የጥንቱ ሥራ ነው፤ እንግዳን «ብላ፣ ጠጣ፣ ቤት ለእንቦሳ» ይለዋል። እኔ ልሳለቅባት ስነሳ እሷ የእንግዳ ወግ ነበር የምትጠብቀው። ያፈርኩት ለዚህ ነው።

በ17ኛው መቶ ዘመን ሆላንዶች የዕቃውን ሥዕል ሌላ ነገር አናገሩት። ማዕዱ ሞልቶ ተርፏል፤ ግን ሎሚው ግማሹ ተልጦ ቀርቷል፣ ብርጭቆው ተደፍቷል፣ ከጥግ ደግሞ የራስ ቅል ወይም የጠፋ ሻማ አለ። ለባለቤቱ «ትሞታለህ» የሚል ሥዕል ነው፤ ያውም ገንዘብ ከፍሎ ገዝቶት፣ የገዛ ቤቱ ሰቅሎት። ከእንግዳው ይልቅ ባለቤቱን የሚያናግር ሥዕል እንዲህ እያለ መጣ።

ሱሪያሊስቶቹ የመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መሪያቸው አንድሬ ብረቶን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሕክምና ተማሪ ሆኖ፣ አእምሯቸው የታወከ ወታደሮች በሚታከሙበት ሆስፒታል ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1924 የሱሪያሊዝምን መግለጫ ሲያወጣ፣ ሕልምና ዕውን እየተለያዩ መኖራቸው ይብቃ አለ። ከእነሱ ቀደም ብሎ ጣሊያናዊው ዴ ኪሪኮ በ1914 አንድ የጎማ ጓንት፣ አንድ የጣዖት ራስና አንድ ኳስ ጎን ለጎን ሥሎ ነበር። ዳሊ በ1931 ሰዓቶቹን እንደ ለጋ አይብ አቀለጣቸው። ያ በዓለም የታወቀ ሥዕል ቁመቱ 24፣ ወርዱ 33 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ከአንድ የጽሕፈት ወረቀት ብዙም አይበልጥም። በ1936 ደግሞ ሜሬት ኦፐንሃይም የምትባል ወጣት ፓሪስ ውስጥ ተራ የሻይ ስኒ ገዝታ፣ ስኒውን ከነማስቀመጫውና ከነማንኪያው በሚዳቋ ቆዳ ለበጠችው። የሚያየው ሰው ፀጉሩ ከንፈሩን የነካው ይመስለዋል። በየቀኑ አፋችን የሚነካውን ዕቃ እንደማናውቀው ያወቅነው ያኔ ነው ማለት ይቻላል።

ለእህቴ ጉዳይ ግን ከሁሉም የሚቀርበው ቤልጂጋዊው ረኔ ማግሪት ነው። ይህ ሰው ሱሪያሊስት ሲባል ፀጉሩን ያንጨባረረ፣ ጨርቁን የጣለ ሰው ለሚመስላቸው ጥሩ ማስተባበያ ነው። ከ1930 እስከ 1954 ብራስልስ ውስጥ ዤት በሚባል ሰፈር በአንድ ተራ የኪራይ ቤት ኖረ። የሚሥለውም እዚያው ቤቱ ውስጥ፣ ኮትና ክራቫቱን አድርጎ ነበር። የቤቱ መስኮትና የእሳት ማንደጃው ሥዕሎቹ ውስጥ ይታያሉ። በ1952 አንዲት አረንጓዴ ፖም ክፍሉን ከወለል እስከ ጣሪያ ሞልታ ሣለ። በዚያው ዓመት ደግሞ ከቁም ሣጥን የሚተካከል ማበጠሪያ አልጋ ላይ አቁሞ አንድ የመኝታ ክፍል ሣለ። የእህቴ ልጅ የፖሟን ሥዕል ያየችው እኔው ከሰጠኋት መጽሐፍ ነው፤ ስለዚህ ቤቱን የበጠበጥኩት እኔው ነኝ ማለት ነው።

ስለ አሰቃቀል የሚያስተምረው ታሪክ ደግሞ ይህ ነው። ኤድዋርድ ጄምስ የሚባል እንግሊዛዊ ባለጠጋ ለለንደን ቤቱ ሥዕል አዝዞ፣ ማግሪት በ1938 አንድ የእሳት ማንደጃ ሣለለት። ማንደጃው ላይ ሰዓት ተቀምጧል፤ ከማንደጃው ሆድ ውስጥ ደግሞ ባቡር ጭሱን እየተፋ ይወጣል። ሠዓሊው ሥዕሉ ከደረጃው ግርጌ እንዲሰቀል ፈልጎ ነበር፤ ወደ ጭፈራው አዳራሽ የሚወጡትን እንግዶች ባቡሩ እንዲወጋቸው። ጄምስ ግን ወስዶ ከራሱ የእሳት ማንደጃ በላይ ሰቀለው። አያችሁት? ሠዓሊው ሰው በሚያልፍበት ቦታ እንዲያደናቅፍ የሠራውን፣ ባለቤቱ የክፍሉ ጌጥ አደረገው። ሥዕሉ ያው ሥዕል ነው፤ የተሰቀለበት ቦታ ግን ሥራውን ለወጠበት። አሁን ሥዕሉ ቺካጎ ሙዚየም ውስጥ ነው፤ ደረጃም ማንደጃም የለውም።

እዚህ ላይ «ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ጣጣ ነው፤ ለእኛ ቤት ምን ያደርጋል?» የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ዘመዴም ያለው ይህንኑ ነው። እኔ ደግሞ ሱሪያሊስቶቹ ራሳቸው የእኛን ቤት ሲያንኳኩ ነበር እላለሁ። በ1924 ዓ.ም. ማርሴል ግሪዮል የሚመራው የዳካር-ጅቡቲ ጉዞ ጎንደር ደርሶ ለወራት ሰፍሮ ነበር። ከተጓዦቹ አንዱ ቀድሞ ከሱሪያሊስቶቹ ማኅበር የነበረው ገጣሚ ሚሼል ሌሪስ ነው፤ ጎንደር ውስጥ የዛር ቤት እየገባ ያየውን ሁሉ ጻፈ። ሌላው ጋስቶን ሉዊ ሩ የሚባል ሠዓሊ ነው። የእሱ ሥራ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን ሥዕሎች እያየ ቅጂ መሥራት ነበር። የእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ ስለሚለጠፍ፣ ሊነሳ ይችላል። ተነሣም። ቅጂው ጎንደር ቀረ፣ ዋናው ፓሪስ ገባ። የሰው ቤት ሥዕል ማን እንደሚሰቅለው፣ የት እንደሚሰቅለው ቀላል ጥያቄ አይደለም የምለው ይህንንም አስቤ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑን ትተን ወደ ሰው ቤት ብንገባም፣ የበጌምድር ሰው አልጋው ራስጌ የሚሰቅለው አንድ እንግዳ ሥዕል ከጥንት ጀምሮ ነበረው። ጠልሰም። ብራናው የበሽተኛውን ቁመት ያህል ይረዝማል። ጸሎቱ መካከል ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ ይሣላል፤ ከኮከቡ መሐል ፊት፣ ከጫፎቹ ዓይን ይወጣል። ክንፍ ነው ስትሉት ዓይን ነው፤ ሐረግ ነው ስትሉት እባብ ነው። ቤተ ክህነት ብዙ ጊዜ አውግዛዋለች፤ እኔም ክታብ ግዙ አልልም። ነገር ግን ያየነውን አላየንም ማለት አንችልም። ለአያቶቻችን በቤታቸው ግድግዳ ላይ ከዕውን ያለፈ ሥዕል ማየት እንግዳ ነገር አልነበረም። ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። ክታቡ ላይ የባለቤቱ የክርስትና ስም በየጸሎቱ መካከል ይገባል። ጠልሰም ለሁሉም አይሆንም፤ ባለቤት አለው።

ይህን ከማንም በላይ የተረዳው እስክንድር ቦጎሲያን ነው። በ1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልዶ፣ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1966 ፓሪስ ኖረ። እዚያ የሱሪያሊስቶቹን ሥራ፣ በተለይም የኩባዊውን የዊፍሬዶ ላምን ሥዕል አገኘ። የፈረንጁ ሕልም ግን ወደ ብራናውና ወደ ጠልሰሙ ዓይኖች መለሰው። «የጁጁ ሠርግ» የሚባለውን የ1964 ሥራውን ኒው ዮርክ የሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ገዝቶታል። ከዚያ አዲስ አበባ ተመልሶ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ ኋላም ዋሽንግተን ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አስተምሮ በ1995 ዓ.ም. አረፈ። እስክንድር የዕቃ ሠዓሊ አልነበረም። ለእኛ ያስተማረን ግን አለ፤ እንግዳ ነገር የሚሠራው ከቤት ባለ ነገር ሲሆን ነው።

ወደ ፍርዱ እንምጣ። በዚህ ዘመን በየከተማው «ሱሪያሊስት» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው የሳሎን ሥዕል አይጥመኝም። ላሊበላ ላይ የቀለጠ ሰዓት ይደፋበታል፤ ጀበና ክንፍ ያወጣል፤ ዋሊያ ከኮምፒውተር ውስጥ ብቅ ይላል። ይሄ ቅይጥ ነው። ሰዓቱን አንስታችሁ ጃንጥላ ብታደርጉበት ምንም አይጎድልበትም። ማግሪት በዚህ ጉዳይ የደረሰበት ነገር ይጠቅመናል። ባልተዛመዱ ነገሮች መጋጨት ከመደነቅ ይልቅ፣ የተዛመዱ ነገሮች የተደበቀ ዝምድናቸው ሲገለጥ የበለጠ ያስደነግጣል ይላል። በ1933 የሣለው የወፍ ጎጆ ምሳሌው ነው፤ ከብረቱ ውስጥ ወፏ የለችም፣ ጎጆውን ሞልቶ የተቀመጠው እንቁላል ነው። እንቁላል ለወፍ ጎጆ ባዳ አይደለም። ገና ያልተፈለፈለው ፍጥረት ከወዲሁ እስረኛ ሆኖ ስናየው ግን ያመናል።

በዚህ ሚዛን የእህቴን ልጅ ሥዕል ስመዝነው፣ ቅርጹን ከማግሪት ፖም እንደተበደረችው አልክድም። የማግሪት ፖም ግን የማንም አይደለችም፤ የትም ቤት ልትገባ ትችላለች። የዚህች ልጅ ሲኒ ከአንድ ቤት በቀር አይገባም። ሲኒው ባዳ አልሆነበትም፤ ከእነሶፋው ከእነቡፌው የዚያው ቤት ዕቃ ነው። የለወጠችው መጠኑን ብቻ ነው። አተላው መድረቁ፣ እንፋሎቱ ደግሞ አለመጥፋቱ የሥዕሉ ብርታት ነው፤ ተጠጥቶ ያለቀ ቡና አሁንም ይሞቃል። ድካምም አለባት። የሲኒው ጥላ ወደ ግራ ወድቆ የሶፋው ጥላ ወደ ቀኝ ይወድቃል፤ ይሄ ሕልም አይደለም፣ ስሕተት ነው። መስኮቱም ትርፍ ነው ብዬ ነበር። ጉና ከ4 ሺህ ሜትር በላይ የሆነ ታላቅ ተራራ ነው፤ እዚህ ሥዕል ውስጥ ግን የቱሪስት ፖስተር መስሎ ዓይን ይሰርቃል። ለልጅቱ በስልክ «መስኮቱን ብታጠፊው ክፍሉ ይበልጥ ይታፈን ነበር» አልኳት። ዝም አለችኝ።

«ትርጉሙ ምንድን ነው?» ወደሚለው ወደ ዘመዴ ጥያቄ ልመለስ። እኛ የሰምና ወርቅ ልጆች ነን። ነገር ሲነገረን ሰሙን ቀልጠን ወርቁን ካላወጣን እንቅልፍ አይወስደንም። እኔም ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር ተማሪዎቼን «ወርቁን አውጡ» እያልኩ ስንት ሰሚስተር አስጨንቄያለሁ። ስለዚህ አንዳንድ ወዳጆቼ ሱሪያሊዝምን ለሕዝባችን ለማስወደድ «ቅኔ ማለት እኮ ነው» ሲሉ ያምራል፤ ግን እርግጥ አይመስለኝም። ቅኔ የተቆለፈ ሣጥን ነው፤ ቁልፉ ባለቅኔው ዘንድ አለ፣ ባለሙያ ሲያገኘው «ተቀበል» ይላል፣ ነገሩ ያልቃል። የማግሪት ፖም ቁልፍ የላትም። ወርቅ እንፈልግ ብለን ሰሙን ብናቀልጠው በእጃችን የሚቀረው የቀለጠ ሰም ነው። ቅኔ የለመደ ሰው እንዲህ ያለ ሥዕል ፊት ሲቆም የተታለለ ቢመስለው አልፈርድበትም። የሚጠይቀው ጥያቄ ነው የተሳሳተው።

ትክክለኛውን ጥያቄ ያገኘሁት ወንዛዬ በመጨረሻው ማታ ነው። እታለም አቦሉን አውርዳ ለራሷ እንደመናገር ብላ ጀመረች።

«ሰው ስለሳቀ አይደለም ያወረድኩት» አለችኝ።

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

«የኔታ ኋላ መጡ። ማኅበሩ ሊበተን ሲል። ጠላ ቀዳሁላቸው። ሥዕሉን ብዙ አዩት። እንደሌላው ምንድን ነው አላሉም። ‹የማን ሲኒ ነው?› አሉኝ።»

የኔታ ድጓም ቅኔም ያወቁ፣ ዓይናቸው የደከመ የሰፈራችን አዛውንት ናቸው። ከአርባ ዓመት በላይ ሲያስተምሩ የኖሩት ሰሙን ቀልጦ ወርቁን ማውጣት ነው። ከሁሉም በፊት ወርቅ መጠየቅ የሚገባቸው እሳቸው ነበሩ።

«ምን አልሻቸው?»

«ምንም። ጓዳ ገባሁ። አልቅሼ ስወጣ ሄደዋል። በነጋታው አወረድኩት።»

አማቼ ቡና የሚጠጣበት ሲኒ ከሌሎቹ የተለየ ነበር፤ አፉ ትንሽ የተሸረፈ፣ ሌላ ሰው የማይነካው። ከሞተ በኋላ እታለም እንደሌሎቹ እያጠበች ረከቦቱ ላይ ትደረድረው ነበር፤ ማንም ግን አያነሳውም። ልጆቹ ዙሪያውን እያለፉ የየራሳቸውን ያነሳሉ። በመጨረሻ ቡፌ ውስጥ ቆለፈችበት። እንግዲህ ይህን የምታውቅ ሰው ያን ሥዕል ስታይ ምን ታያለች? ሕልም አይደለም፤ ቅዠትም አይደለም። የቤቱን ትክክለኛ ልክ ነው የምታየው። በዚያ ቤት ውስጥ ያ ሲኒ ከሶፋው ይበልጥ ነበር፤ በሩን ዘግቶ ነበር። ፎቶ አንሺ መጥቶ ሳሎኑን ቢያነሳው ሲኒው በጣት የሚያዝ ሆኖ ይወጣል፤ ሐሰተኛው እሱ ነው።

ለዚህ ነው የምለው። የፍሬው ፖስተር ለእንግዳ ነው፤ ቦታውም ሳሎን ነው፤ ይኑር፣ ክብር አለው። እንዲህ ያለው ሥዕል ግን ለቤተሰቡ ነው። ሳሎን ሲሰቀል እንግዳው «ለእኔ ነው» ብሎ ያስባል፤ ለእሱ እንዳልሆነ ሲያውቅ ወይ ይስቃል፣ ወይ ትርጉም ይጠይቃል፣ ወይ ፀበል ያዛል። ጥፋቱ የእንግዳው አይደለም። የቅዱሳንን ሥዕል እንኳ በመጋረጃ ጋርደን የምናኖር ሕዝብ፣ ሁሉም ሥዕል ለሁሉም ዓይን እንዳልሆነ ልንማር አይገባንም ነበር። ሥዕል ልትገዙ የምትወጡም ሰዎች፣ ከሶፋችሁ ቀለም ጋር ይሄዳል ወይ ከማለታችሁ በፊት የየኔታን ጥያቄ ጠይቁት። የማን ነው? በቤታችሁ መልስ ያለው ሰው ከሌለ ለሌላ ቤት ተዉት።

ከወንዛዬ ስንመለስ ሥዕሉን ከጓዳ አወጣነው። ሳሎን አልመለስነውም። ከውስጠኛው ክፍል፣ እታለም ቡና ስትቆላ በምትቀመጥበት በርጩማ ትይዩ ሚስማር መታሁ። «ጢሱ ሸራውን ያጠቁረዋል» ብዬ አስጠነቀቅኳት።

«የቤተ ክርስቲያኑስ በዕጣን ጢስ ጠቁሮ የለም?» አለችኝ። ዝም አልኩ።

ቡናው ሲደርስ የሞያ ነገሬን አምጥቼ፣ ሥዕሉ ጥሩ ነው፣ መስኮቱ ግን ትርፍ ነው፣ ተራራው ዓይን ይሰርቃል፣ ለልጅቱም ነግሬያታለሁ አልኳት።

እታለም ቀና ብላ አየችኝ። «እሱ እኮ ሁልጊዜ በመስኮቱ ወደ ጉና እያየ ነበር የሚጠጣው» አለች።

ሲኒው የማን እንደሆነ ተምሬ ነበር። የመስኮቱን ባለቤት መጠየቅ ግን አልታሰበኝም ነበር።